ማቴዎስና የእማማ አጸደ ሰንበት

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከሚዛን አጠገብ ባለችው አማን ከተማ ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ገና መምጣቱ ስለነበር፣ ከቦኖው ቧንቧ ጀምሮ ቢጫ ጀሪካኖች እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ተሰልፈዋል። ይህን የሚጽፈው ሰው ዝናብ አባሮት ከአንድ ሱቅ በረንዳ ተጠልሎ ሰልፉን ይመለከታል። አንገቱ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ያንጠለጠለ አጠር ያለ ጎልማሳ ተራው ደርሶ ቧንቧው ሥር ሊጠጋ ሲል ዘወር አለ። ከሰልፉ ጫፍ የአንዲት አሮጊት ጀሪካን አነሣ፣ የራሱን ወደ ኋላ ወስዶ በእሳቸው ቦታ ተካ፣ የእሳቸውን ቧንቧው ሥር ደቀነ።

«መምህር፣ እኛስ ሰው አይደለንም?» አለች አንዷ ሴት።

«ዛሬ ዓርብ ነው» አላት።

«ለእኛ ማክሰኞ ነው እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ጀሪካኑ ሲሞላ ትከሻው ላይ አወጣና «እማማ፣ ይቅደሙ፤ ሳይመሽ እንድረስ» ብሎ አሮጊቷን ከፊት አድርጎ በጭቃው መንገድ ሄደ። ሲመለስ የራሱ ጀሪካን ገና ከመጨረሻው ቦታ ብዙም አልተነቃነቀም። ከአጠገቡ ቆመ።

ተራ ለማስቀደም ዓርብ መሆኑ ምን ምክንያት ይሆናል? ጸሐፊው ይህን ጠጋ ብሎ ጠየቀው። የሚከተለው ሰውየው፣ ማቴዎስ፣ ከዚያ በኋላ በተለያየ ጊዜ፣ መርፌና ክር በእጁ እንደያዘ፣ ያጫወተው ነው። አሮጊቷ፣ እማማ አጸደም፣ ሰምተው «አሁን ምን አስፈራኝ፣ ይጻፈው» ብለዋል።

ማቴዎስ የተወለደው እምድብር አካባቢ ከካቶሊክ ቤተሰብ ነው። ወጣት ሳለ ጨርቅ ነጋዴ አጎቱን ተከትሎ ወደ ሚዛን ወረደ፤ አጎቱ ሲሸጥ እሱ መስፋት ለመደና እዚያው ቀረ። ዛሬ በሸምሱ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ በረንዳ ላይ የእግር መኪናውን ዘርግቶ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ ዚፕ ይቀይራል። በቁምስናው፣ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን፣ ደግሞ ካቴኪስት ነው። ለጥምቀት የሚዘጋጁትን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰብስቦ ያስተምራል፤ «መምህር» የሚባለውም ለዚህ ነው።

ልጆቹን ሲያስተምር ብሉይ ኪዳን ላይ ደርሶ አንድ ምሳሌ ይጠቀም ነበር። ከሙያው የተገኘ ነው። እግዚአብሔር በፊት አንድ ልብስ ነበረው፣ እስራኤል የሚባል፤ አልሆን ሲለው አውልቆ ጣለውና አዲስ አሰፋ ይላቸዋል። ልጆቹ በቀላሉ ይገባቸዋል። እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ይህንኑ ነው፤ ከዚህ የተለየ ነገር ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም።

አምና በዐቢይ ጾም መካከል ምሕረት ወደ በረንዳው መጣች። ምሕረት የቡና ነጋዴው የሲሞን ሚስት ናት፤ ከእሱ ጋር ስትጋባ ካቶሊክ ሆና በየሳምንቱ ከፊት ወንበር የማትጠፋ ሴት። እናቷ እማማ አጸደ ከማቴዎስ ቤት አጠገብ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከልጃቸው ጋር እንዲኖሩ ስትለምናቸው ስንት ዘመን እሺ አላሉም። ምሕረት የሚታጠፍ ቀሚስ ይዛ ነበር፤ ቀሚሱን ግን አልሰጠችውም።

«መምህር፣ እማዬ ተጠምቃ አታውቅም» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ማቴዎስ መኪናውን አቆመ። ሰፈሩ ሁሉ እማማ አጸደን የሚያውቃቸው ከጎንደር የመጡ ጠንቃቃ ኦርቶዶክስ አድርጎ ነው። ቅዳሜን እንኳ እንደ እሑድ የሚያከብሩ!

«እንዴት ሊሆን ቻለ?»

«ምክንያቱን እሷ ትንገርዎት። እኔ ልናገረው አልችልም።» ቀሚሱን ጠቀለለችው፣ ፈታችው። «ሐኪሙ ልቧ ደክሟል ብሎኛል። መምህር፣ ለፋሲካ ጥምቀት ያድርሱልኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እሷ በር ላይ ቆማ ‹ደህና ገባሽ?› ትለኛለች። በዚያኛው ዓለም በር ላይ ማን ሊቀበለኝ ነው?»

ማቴዎስ አልቅሶ የማያውቅ ሰው አይደለም፤ ያን ቀንም ዐይኑን ጠርጓል። «ለፋሲካ አደርሳቸዋለሁ» ብሎ ቃል ገባላት።

በማግሥቱ ቅዳሜ ማለዳ ሄደ። እማማ አጸደ ጋቢ ተከናንበው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የመጋቢት ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ቤቱ እንደ ጉድጓድ ይቀዘቅዛል። ምድጃው ላይ አመድ ብቻ አለ። በሰሃን የተቀቀለ ጎደሬ ተቀምጧል፤ እሱም የቀዘቀዘ ነው።

«እማማ፣ እሳት እንኳ የሚያነድልዎት ጠፋ?»

አሮጊቷ አንድ ነገር ሊሉ እጃቸውን አነሡ፤ መልሰው አወረዱት። ማቴዎስ ድካም ነው ብሎ አሰበ። ወደ ሸምሱ ሱቅ ሮጦ ከሰል አመጣ፣ አቀጣጠለ፣ በካርቶን አራገበ፣ ማንቆርቆሪያውን ጣደ። ፍሙ ሲቀላ ቤቱ ሞቀ። «ሻይ ሲፈላ ይጠጡ፤ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ» ብሏቸው ወጣ። ወደ ሥራው ሲሄድ ደስ ብሎት በልቡ እየዘመረ ነበር።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ሸምሱ ከሱቁ ብቅ አለ።

«ማቴ፣ አንተ ሰው ልታስተምር ሄደህ ከቤቱ ታስወጣለህ እንዴ?»

«ምን አደረግሁ?»

«እማማ አጸደ ደጃፋቸው ካለው አቮካዶ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዝናብ ይመታቸዋል። ካቶሊክ መሆን እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

ማቴዎስ ጨርቁን ጥሎ ሮጠ። እውነትም እማማ አጸደ ጀሪካን ደፍተው በላዩ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው ርሷል።

«እማማ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ምንም አልሆንኩ ልጄ። እሳቱ እስኪጠፋ ነው።»

«ጭሱ አስቸገርዎት?»

«ኧረ ጥሩ እሳት ነው። ጎበዝ ነህ።»

«ታዲያ?»

አሮጊቷ ግራና ቀኝ አዩ። «ዛሬ ሰንበት ነው። በሰንበት እሳት አይነድልኝም። አንተ ሳታውቅ ነው ያነደድከው፣ ኃጢአት የለብህም። እኔ ግን አልሞቀውም።»

«እንግዲያው ላጥፋው።»

«ማጥፋትም ሥራ ነው። ለእኔ ብለህ አትሥራ። ከሰል አይደል፤ ያልቃል።»

ማቴዎስ መሄድም መቆምም አቃተው። ሸምሱ ዣንጥላና የፕላስቲክ ወንበር ይዞ ደረሰ፤ የሚባለውን በከፊል ሰምቷል። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ለማቴ ርጥቡን ከሰል ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ እስካሁን እቤትዎት ነበሩ።» እማማ አጸደ ሳቁ። ሸምሱ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸውና ወደ ሱቁ ተመለሰ። ማቴዎስ ግን ዣንጥላውን ይዞላቸው ቆመ፤ እጁ ሲዝል በሌላው እጁ እየተካ፣ የፍሙ የመጨረሻ ቅላት እስኪጠፋ።

መሽቶ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ እሳቱን ራሳቸው አንድደው፣ ነገሩት።

ቤተ እስራኤል ናቸው። አባታቸው ጎንደር ውስጥ ማረሻ የሚቀጠቅጥ ሰው ነበር፤ ቀን ማረሻ የሚያሠሩት ጎረቤቶች ማታ ቡዳ ይሉታል። ልጃገረድ ሳሉ በላይነህ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ወደዳቸው፣ እሳቸውም ወደዱት፤ ተከትለውት ወደ ቴፒ መጡ። ወገኖቻቸው ከእምነት እንደወጣች ልጅ ቆጠሯቸው። በላይነህ ግን እምነታቸውን አልነካም። ቅዳሜ እንግዳ ሊመጣ ሲል በር ላይ ቆሞ «ዛሬ ሚስቴን አሟታል» እያለ ይመልስላቸው ነበር። በቴፒ ቡና እርሻ ላይ ለቀማ ሲሠሩም ቅዳሜን ቀርተው ራሴን አመመኝ ይላሉ፤ ተቆጣጣሪው «የቅዳሜ ራስ ምታት» ብሎ ስም አወጣላቸው። ከዚያ ዘመዶቻቸው በሙሉ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ ሲባል በወሬ ሰሙ። ማንም አልጠራቸውም፤ የት እንዳሉ የሚያውቅ አልነበረምና። በላይነህ ሞቶ ልጃቸውን ተከትለው ወደ አማን ከመጡ በኋላ፣ በዚህ አገር ስለ ሰንበታቸው ከልጃቸው በቀር የሚያውቅ ሰው አልቀረም።

«ልጄ ልካህ ነው አይደል?» አሉት በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እንግዲያ አስተምር። የመጣህበትን ሥራ።»

ማቴዎስ እንደ ወትሮው ከአብርሃም ጀመረ። ትንሽ ሄዶ ግን ቆም አለ። እማማ አጸደ የሚያዳምጡት አዲስ ነገር እንደሚሰማ ሰው አይደለም፤ ስለ ቤተሰባቸው ወሬ እንደሚሰማ ሰው ነው። ሣራ የሳቀችበት ቦታ ሲደርስ «የእኛ ሴቶች እንዲህ ናቸው» ብለው እሳቸውም ሳቁ። ሊወጣ ሲነሣ ለስንብት ጸሎት አደረሱለት፤ መነሻው «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» የሚል ነበር። ማቴዎስ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። እሱም በየማለዳው የሚደግመው የዘካርያስ ጸሎት የሚጀምረው በነዚሁ ቃላት ነው። «አምላከ እስራኤል» ብሎ በጠራ ቁጥር የማንን አምላክ እየጠራ እንደነበር እስከዚያች ሰዓት ልብ ብሎ አያውቅም።

ያን ሳምንት ዩኒፎርም እየሰፋ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። እመቤታችን ማርያምም ዓርብ ማታ እሳቷን ታጠፋ ነበር ማለት ነው። ውሃዋን ቀድማ ትቀዳ ነበር። ጌታም ልጅ ሆኖ ቅዳሜ የበላው የቀዘቀዘ ነበር፤ በናዝሬት ብርድ እንዲህ ተጠቅልሎ። ይህን ሲያስብ አንድ ሙሉ እጅጌ ገልብጦ ሰፋ።

ሁለት ነገር እንቅልፍ ነሳው። ለምሕረት የገባው ቃል አለ፤ ፋሲካም እየቀረበ ነው። በሌላ በኩል ስለ ጥምቀቱ ሲጠይቃቸው እማማ አጸደ ያሉት ከጆሮው አልጠፋም፦ «እሺ ብል ልጄን ደስ ይላታል። ሞቴን አውቀዋለሁ፤ ደስ ብሏት ብትቀብረኝ እኔም እወዳለሁ። ግን ፈጣሪ ‹አጸደ፣ በርሃብና በስድብ ያልተውሽውን ለምን ተውሽው?› ቢለኝ፣ ልጄን ፈርቼ ልበለው?»

ወደ ቆሞሱ፣ ቁምስናውን ወደሚመሩት ካህን ወደ አባ አሞጽ ሄደ። አባ በጓሮ የበሰለ ኮረሪማ ይለቅሙ ነበር፤ እየለቀሙ ሁሉንም ሰሙት።

«ጳውሎስ ራሱ ከእነርሱ ነው» አሉት። «ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ‹እግዚአብሔር ሕዝቡን ጣለ ወይ?› ብሎ ይጠይቅና ‹ከቶ አይሆንም› ብሎ ይመልሳል። ስጦታውና ጥሪው አይመለስም ይላል። ይህን ቃል እያነበብን ሳንሰማው ብዙ ዘመን አለፈ፤ በእነርሱም ላይ ብዙ ክፋት ተሠራ። በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ጊዜ የዓለም ጳጳሳት በግልጽ ጻፉት። በጌታ ስቅለት የያን ጊዜ አይሁድ ሁሉ፣ የዛሬዎቹም፣ በጅምላ አይከሰሱም። እግዚአብሔር እንደጣላቸውና እንደረገማቸው ተደርጎም አይሰበክም።»

«እኔ ያወለቀው ልብስ እያልኩ ነው የማስተምረው» አለ ማቴዎስ።

አባ ፈገግ አሉ። «ልብስ ይወለቃል። ሥር ግን እንዴት ታወልቃለህ? እኛ በእነርሱ ሥር ላይ የገባን ቅርንጫፍ ነን፤ የሚሸከመን እሱ ነው።»

«ታዲያ እማማ አጸደ ያለ ክርስቶስ ይድናሉ?»

«ያለ ክርስቶስ ማን ይድናል? የሚድን ሁሉ በእርሱ ነው፤ ይህን አንለቅም። እሳቸው ደግሞ እግዚአብሔር ባልሻረው ቃል ኪዳን ውስጥ ቆመዋል፤ ይህንንም አንክድም። ሁለቱ እንዴት እንደሚገናኙ ከጠየቅኸኝ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያንም የአምላክ ምስጢር ነው ብላ ነው የተወችው። ጳውሎስም እዚያ ጋ ሲደርስ ማስረዳቱን ትቶ ጥልቀቱን ማድነቅ ነው የጀመረው።»

ማቴዎስ ከመሬት የወደቀ ኮረሪማ አንሥቶ ሰጣቸው። «ምን ላድርግ?»

«ስለ እምነትህ ከጠየቁህ ሳታፍር ንገራቸው። ራሳቸው ፈልገው ቢመጡ በሩ ክፍት ነው። ልጃቸውን ለማስደሰት ከሆነ ግን እኔ አላጠምቅም።» ከዚያ የለቀሙትን ወደ ቅርጫቱ ከተው «በስቅለት ዓርብ ጸሎቶቹን የምታነበው አንተ አይደለህም? ዘንድሮ የምታነበውን ስማው» አሉት።

ስቅለት ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ምሕረት ከፊት ወንበር ናት። ማቴዎስ ለዓለም ሁሉ የሚደረጉትን ጸሎቶች ተራ በተራ አወጀ፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ጳጳሳት፣ ስለሚጠመቁት። ከዚያ ስለ አይሁድ ሕዝብ የሚለው ደረሰ። ከዓመት ዓመት በራሱ አንደበት ሲያነበው የኖረ ጸሎት ነው። አምላካችን ከሁሉ አስቀድሞ ለተናገረው ሕዝብ እንጸልይ ይላል፤ ስሙን በመውደድ፣ ለቃል ኪዳኑም በታማኝነት እንዲያድጉ።

እዚያው መስመር ላይ ቆመ። ለቃል ኪዳኑ በታማኝነት! ዓለም ሁሉ፣ እምድብርም፣ ሮማም፣ ይህች ቆርቆሮ ለበስ ቤተ ክርስቲያንም፣ በጌታ መሞቻ ቀን ተንበርክኮ እማማ አጸደ ሰንበታቸውን እንዲጠብቁ ሲጸልይላቸው ኖሯል። እሳቸው በድብቅ ብርድ ላይ ሲቀመጡ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ በአደባባይ ስለ እሳቸው ጉልበቱን አጥፏል። አንዳቸውም አላወቁም። ማቴዎስ የቆመበት መሬት ከእግሩ ሥር የጠለቀ መሰለው። እንደ ምንም አንብቦ ጨረሰና «እንንበርከክ» አለ። የሺህ ጉልበት ያህል የሚያስተጋባ ድምፅ ተሰማ። ምሕረት ግን ወዲያው አልተነሣችም፤ ሌሎቹ ከቆሙ በኋላም ግንባሯ ወንበሩ ላይ ነበር።

ሲወጡ ግቢው ውስጥ ጠበቀችው።

«ያ ጸሎት ስለ እሷ ነው?»

«ስለ እሳቸው ነው።»

«ቃል ገብተውልኝ ነበር፣ መምህር።»

«ገብቻለሁ። የገባሁልሽ ቃል የእኔ አልነበረም፤ ስለዚህ ልፈጽመው አልቻልኩም። ይቅር በይኝ።»

«እንግዲህ በዚያኛው ዓለም አንለያይም ማለት ነው?»

ማቴዎስ አዎ ብሎ ሊገላግላት ፈለገ። ያልገባውን ነገር ግን እንደገባው አድርጎ ሊነግራት አልደፈረም። «እንዴት እንደሚሆን አላውቅም ምሕረት። አባም አያውቁም። እኔ የማውቀው፣ ለእሳቸው ቃል የገባላቸውና ለአንቺ ቃል የገባልሽ አንድ አምላክ መሆኑን ነው። ከእሱ የበለጠ ማንን ልንይዝ?»

ምሕረት ነጠላዋን አስተካከለች። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ ወደ እናቷ ሄደች። ማቴዎስ ቤቱ ደርሶ በመካከላቸው ባለው ሰባራ አጥር በኩል ሲያይ እናትና ልጅ ጀሪካኑን ሁለት ሆነው ወደ ውስጥ ያስገባሉ። እማማ አጸደ «ቀስ በይ፣ ጾመኛ ነሽ» ሲሉ ተሰማው።

ይህ የሆነው አምና ነው። ማቴዎስ አሁንም ያስተምራል፤ የልብሱን ምሳሌ ግን ትቷል። ምሕረት ዓርብ ዓርብ ስትችል ለእናቷ የሰንበቱን ውሃ ልትቀዳ ትመጣለች፤ ሳትችል ለማቴዎስ ትደውልለታለች። ሸምሱም ሐሙስ ማታ «ማቴ፣ ነገ ሱሪ እሰፋለሁ ብለህ ሰው እንዳትቀጥር» ይለዋል።

ይህን ሁሉ ያጫወተው ሰው ባለፈው ሳምንት ጸሐፊውን ራሱ አስጠራው። የእማማ አጸደ ልብ ከቀድሞው ብሷል፤ ሰሞኑን ከአልጋ መነሣት አቅቷቸዋል። በረንዳው ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ማቴዎስ መቀሱን አስቀመጠ።

«መቃብሩን አባ እኛ ግቢ እሰጣለሁ ብለዋል፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸዋል። ምሕረትም ተረጋግታለች። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ትናንት እጄን ይዘው ‹ማቴዎስ፣ እናንተ ትጸልዩልኛላችሁ፣ አመሰግናለሁ። የእኛን ጸሎት ግን ማን ይልልኛል?› አሉኝ። ከአባታቸው ቤት ከወጡ ወዲህ ከወገናቸው የአንድ ሰው ድምፅ አልሰሙም። እኔ ልማረውና ልበለው ብል ደግሞ የእኔ አይደለም፤ ተውሼ የምለብሰው ነገር አይደለም።»

ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠቀለለው።

«ወንድሜ፣ አንተ መጽሐፍ ስታገላብጥ፣ ከሰው ስትጻጻፍ የምትውል ሰው ነህ። ጎንደርም አዲስ አበባም ከእነርሱ የቀሩ አሉ፣ ቄሶችም አሏቸው ሲሉ እሰማለሁ። እባክህ አንድ ሰው ፈልግልኝ። እዚህ ድረስ መምጣት ባይችል ይደውልና በስልክ ይጸልይላቸው። ስልኩን እኔ ጆሯቸው ላይ እይዝላቸዋለሁ።»